ተሸፍኖ ስለሚቀር ሥራ፦ የቤት ኢንሱሌሽንና የኮንትራክተር አመራረጥ

በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢው ለሚኖሩ ባለቤቶች የቀረበ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በዊተን፣ በአሌክሳንድሪያ ወይም በአርሊንግተን ቤት የገዛ ወገናችን ስለ ወለሉ ቀለምና ስለ ወጥ ቤቱ ካቢኔ ብዙ ይመክራል። ሦስት አራት ሱቅ ይዞራል፣ በእጁ ይዳስሳል፣ ዘመድ ያማክራል። ከኮርኒሱ በላይ ምን እንዳለ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። በጃንዋሪ የጋዝ ቢል፣ በጁላይ ደግሞ የመብራት ቢል ሲከመርብን ፈርነሱ አረጀ ወይም ኩባንያው ዋጋ ጨመረ እንላለን። አንዳንዴ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ገንዘባችን የሚወጣው በኮርኒሱ በኩል ነው።

ኢንሱሌሽን ከሌላው የቤት ሥራ የሚለይበት አንድ ነገር አለ፤ ሥራው ባለቀበት ዕለት ከዓይን ይሰወራል። የወለል ንጣፍ ቢጣመም ይታያል፣ ቧንቧ ቢያፈስ ይንጠባጠባል። ኢንሱሌሽን ግን ከድራይዎል በስተኋላ ወይም ከጣሪያው ሥር ባለው ባዶ ቦታ፣ በአቲኩ ጨለማ ውስጥ ይቀበራል፤ ጎድሎ ቢሠራም ባለቤቱ ሳያውቅ ሃያ ዓመት ሊከፍልበት ይችላል። ስለዚህ የዛሬው ትምህርቴ ዋና ነገር የትኛው ዕቃ ይሻላል የሚለው አይደለም። ከሥራው በፊት የሚለካ፣ ከሥራው በኋላም መልሶ ለክቶ የሚያሳይ ሠራተኛ እንዴት እንደምታገኙ ነው። የቤቶችን ሙቀትና የአየር ፍሰት መፈተሽ ሥራዬ ስለሆነ የምነግራችሁ በየአቲኩ ከማየው ነው።

ለዚህ ነገር እንግዳ የሆንነው በስንፍና አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስለተቀመጠች ቀኗ አይከፋም፤ ሌሊቷም በብርድ ልብስ ይታለፋል። በገጠሩ ወፍራሙ የሳር ክዳን በውስጡ ብዙ አየር ስለሚይዝ ፀሐይንም ቁርንም በደንብ ይመክታል። ቆርቆሮ ሲመጣ ያ ጥቅም ቀረ፤ ከሥሩ አቡጀዴ ወይም ችፑድ ኮርኒስ ተወጠረ፣ የዝናቡ ጩኸት ቀነሰ፣ ቤቱም ተኖረበት። አገሩ ይቅር ይል ነበር። እዚህ ግን ክረምቱ ከበረዶ ነጥብ በታች ይወርዳል፣ በጋው ደግሞ ከ90 ዲግሪ ፋራናይት በላይ ከወበቅ ጋር ይመጣል። ቤቱ በሁለቱም በኩል ይፈተናል።

የኢንሱሌሽን አሠራር ለእኛ ለማስረዳት ከጋቢ የተሻለ ነገር የለም። ጋቢ የሚያሞቀው ጥጡ ራሱ ሙቀት ስላለው አይደለም፤ በድሩና በማጉ መካከል፣ በድርቡም መሐል የተያዘው አየር ስለማይንቀሳቀስ ነው። የመስታወት ክር የሆነው ፋይበርግላስም፣ ከአሮጌ ጋዜጣ የሚፈጨው ሴሉሎስም፣ ፎሙም ሥራቸው ይኸው ነው፤ አየርን አስሮ መያዝ። ጋቢ ለብሳችሁ ነፋስ በሚነፍስበት ኮረብታ ላይ ጫፉን ሳትሰበስቡ ብትቆሙ ግን ምን ይጠቅማችኋል? የቤቱም ነገር እንዲሁ ነው። ነፋስ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ካልተደፈነ ከላይ የምትከምሩት ፋይበርግላስ ነፋሱን ያጣራዋል እንጂ አያቆመውም። እኔ አቲክ ስወጣ መጀመሪያ የምፈልገው በቢጫው ወይም በሮዙ ፋይበርግላስ ላይ የጠቆረ ቦታ ነው። ያ ጥቁረት ሻጋታ የሚመስለው ብዙ ሰው አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ለዓመታት ከታች ሲወጣ የኖረ አየር ያራገፈው አቧራ ነው። ከሥሩ ቀዳዳ አለ ማለት ነው።

ሞቃት አየር ቀላል ስለሆነ ወደ ላይ ይወጣል። በኮርኒሱ ሽንቁሮች ሲያመልጥ ቤቱ ቦታውን ባዶ አይተወውም፤ በቤዝመንቱና በታችኛው በር በኩል ቀዝቃዛ አየር ከውጭ ይስባል። «እግሬን በረደኝ» የሚሉ እናቶች ቤት ገብቼ ምክንያቱን ያገኘሁት ብዙ ጊዜ በወለሉ ሳይሆን በላይ፣ በአቲኩ ውስጥ ነው። ቀዳዳዎቹ የሚገኙበት ቦታ ይታወቃል፤ የቧንቧው ትቦ ወደ ጣሪያ የሚወጣበት፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ ግድግዳውን ሰንጥቆ የሚያልፍበት፣ የመታጠቢያ ቤቱ ማራገቢያ ዙሪያ፣ የጭስ ማውጫው ጡብ ከእንጨቱ ጋር የሚገናኝበት ክፍተት፣ ኮርኒስ ውስጥ የተቀበሩት መብራቶች፣ ከሁሉም በላይ የአቲኩ መውጫ በር። ትንንሹ በፎምና ኮክ (caulk) በሚባለው ማሸጊያ ይደፈናል። በጭስ ማውጫው ዙሪያ ግን የሚፈቀደው ቆርቆሮና እሳት የሚችል ማሸጊያ ብቻ ነው፤ እዚያ ላይ ተራ ፎም የሚረጭ ሰው ካያችሁ ሥራውን አስቁሙ።

አሁን ወደ ቁጥሩ ልግባ፤ ያለ እርሱ ማንም ሊያታልላችሁ ይችላልና። የኢንሱሌሽን መለኪያ የአር ቁጥር ይባላል፤ ሙቀትን የመከልከል አቅም ነው። ሲበዛ ይሻላል። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ከ1980 ጀምሮ ይህ ቁጥር በሕግ በተወሰነ መንገድ ተለክቶ በዕቃው ላይ እንዲጻፍ ያስገድዳል። የእኛ አካባቢ በአየር ንብረት ካርታው ዞን 4 ነው። የፌዴራሉ የኃይል ሚኒስቴር ምክር፣ አቲኩ ባዶ ከሆነ እስከ አር-60፣ ሦስት አራት ኢንች ያህል አሮጌ ኢንሱሌሽን ካለው ደግሞ እስከ አር-49 እንዲደርስ ነው።

አንድ ሺህ ስኩዌር ፊት አቲክ አለን እንበል። ውስጡ 70 ዲግሪ፣ ውጭው 30። ስፋቱን በዲግሪው ልዩነት አባዝታችሁ ለአር ቁጥሩ ብታካፍሉ በሰዓት የሚያመልጠውን ሙቀት ቢቲዩ በሚባለው መለኪያ ታገኛላችሁ። በአር-10 የሚያመልጠው 4,000 ቢቲዩ ነው። በአር-20 ወደ 2,000 ይወርዳል፣ በአር-40 ወደ 1,000፣ በአር-60 ወደ 670 ገደማ። ልብ በሉ፤ የመጀመሪያው አሥር ብዙ ያተርፋል፣ የመጨረሻው ሃያ ጥቂት። አር-49 ያለው ሰው አር-60 ለማድረስ ብዙ ሺህ ዶላር ቢጠየቅ ያን ገንዘብ ሌላ ቦታ ቢያውለው ይሻለዋል።

ከዚህ የባሰም ስሌት አለ። ያው አቲክ በጥሩ ሁኔታ አር-49 ተሞልቶ፣ አሥር ስኩዌር ፊት የምታህለው የመውጫ በር ብቻ አር-1 ሆና ብትቀር፣ የጠቅላላው አማካይ ከአር-49 ወደ አር-33 ይወርዳል። ከመቶ አንድ እጅ ብቻ የሆነ ቦታ ከሥራው ሲሶውን ይበላል። ይህ ቀዳዳዋ የምታሳልፈውን ነፋስ ሳይጨምር ነው። ስለዚህ ኮንትራክተሩ ሊያስፈርማችሁ ሲመጣ «ለአቲኩ በር ምን ታደርጋለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። ክዳን እሠራለሁ፣ ዙሪያውን በጎማ አሽጋለሁ የሚል ሰው ሥራውን ያውቃል። ትከሻውን የሚነቀንቅ ሰው ግን ሊሸጥላችሁ የመጣው የኢንሱሌሽን ከረጢት ብቻ ነው።

ስለ ዕቃው ባጭሩ ልንገራችሁ። በማሽን የሚነፋ ፋይበርግላስ በአንድ ኢንች ከአር-2.2 እስከ 2.7 ይሰጣል፤ ሴሉሎስ ከ3.2 እስከ 3.8። አር-49 ለመድረስ ሴሉሎሱ ወደ 14 ኢንች፣ ፋይበርግላሱ 18 ኢንች ወይም ከዚያ በላይ ውፍረት ይፈልጋል። ሴሉሎስ እሳትና ነፍሳት እንዳይደፍሩት በቦሬት ማዕድን ይታከማል፤ ከጊዜ ጋር ጥቂት ዝቅ ስለሚልም የሚቆጠረው የረጋው ውፍረት ነው። የተጠቀለለው የፋይበርግላስ ምንጣፍ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን በእንጨቶቹ መካከል በትክክል ካልተቆረጠና ከታመቀ አቅሙን ያጣል፤ በአሮጌ ቤት ውስጥ በትክክል የተዘረጋ ያየሁት ከስንት አንዴ ነው። ሮክ ዉል የሚባለው እሳትን አብልጦ ይችላል፣ ድምፅም ይቀንሳል፤ ለቤዝመንት ክፍል መልካም ነው። የሚረጨው ጠንካራ ፎም በኢንች ከአር-6 በላይ ይሰጣል፣ አየርንም ያግዳል፣ ዋጋውም በዚያው ልክ ነው። ቦታ ለሚጠብበት፣ ለምሳሌ ወለሉ ከመሠረቱ ጋር ለሚገናኝበት ጠርዝ፣ እኔም እመክረዋለሁ። ሁለት ኬሚካል እዚያው ቤታችሁ ውስጥ ተቀላቅሎ የሚሠራ ስለሆነ ግን ቅልቅሉ ቢዛባ ሽታው አይለቅም፤ ሲረጭም ቤተሰቡ፣ በተለይም አስም ያለበት፣ ወጥቶ ኩባንያው የሚያዘውን ሰዓት ሁሉ ውጭ መቆየት አለበት። ለተራ አቲክ ወለል፣ ቀዳዳው አስቀድሞ ተደፍኖ ሴሉሎስ ወይም ፋይበርግላስ ቢነፋ ይበቃል ባይ ነኝ። የሚያብረቀርቀው የብር ወረቀት በፀሐያማ አገር ይጠቅማል፤ ለእኛ አካባቢ ቅድሚያ የሚሰጠው አይደለም።

ግድግዳ ሌላ ጉዳይ ነው። በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ የተሠሩት የሲልቨር ስፕሪንግና የአርሊንግተን ጡብ ቤቶች ብዙዎቹ ጡብና ብሎኬት ተደራርቦ የተገነቡ ናቸው፤ በመካከል ኢንሱሌሽን የሚነፋበት በቂ ባዶ ቦታ የላቸውም። እንዲህ ያለ ቤት ይዛችሁ «ግድግዳውን እነፋላችኋለሁ» የሚል ሰው ቢመጣ፣ የት እንደሚነፋው አንድ ቀዳዳ ከፍቶ ያሳያችሁ። ቤቱ ከ1978 በፊት የተሠራ ከሆነ ደግሞ ቀለሙ እርሳስ ሊኖረው ይችላል፤ ግድግዳ የሚበሳው ድርጅት ስለ እርሳስ አሠራር ከፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት የምስክር ወረቀት ሊኖረው በሕግ ግዴታ ነው። ልጆች ላሉት ቤት ይህን በዋዛ እንዳታልፉት።

አቲኩ ከመሸፈኑ በፊት መታየት ያለባቸው ሌሎች አደጋዎችም አሉ። ጠጠር የሚመስል፣ ግራጫ ወይም ወርቃማ፣ የሚያብለጨልጭ ነገር ፈስሶ ካገኛችሁ አትንኩት፣ አትጥረጉት። ቨርሚኩላይት ነው። ከ1919 እስከ 1990 በአሜሪካ ከተሸጠው ከ70 በመቶ በላይ የሚሆነው በሞንታና ግዛት ሊቢ ከምትባል ከተማ ካለ አንድ የማዕድን ማውጫ የወጣ ነበር፤ ያ ማዕድን ደግሞ አስቤስቶስ ነበረበት። ከሊቢ ሰዎችም ብዙዎች በዚያ አቧራ ታመው ሞተዋል። ቨርሚኩላይት የተገኘበት አቲክ በሠለጠነ የአስቤስቶስ ድርጅት እጅ እስኪያልፍ ድረስ ማንም አይገባበትም። በ1930ዎቹና ከዚያ በፊት በተሠሩ ቤቶች በሸክላ ጉብታዎች ላይ የተዘረጋ አሮጌ ሽቦ ካለ ሙቀቱን የሚያስወጣው ዙሪያው ያለው አየር ነውና፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ አይቶ ሳይቀይረው በኢንሱሌሽን መቅበር እሳት መጥራት ነው። የመታጠቢያ ቤቱ ማራገቢያ እንፋሎቱን አቲኩ ውስጥ የሚተፋ ከሆነም አስቀድሞ ወደ ውጭ ይቀጠል፤ አለበለዚያ አዲሱ ኢንሱሌሽናችሁ በእርጥበት ይበሰብሳል።

እዚህ ላይ ስለ እኛ ቤቶች በተለየ የምናገረው አለኝ፤ የአሜሪካ ኮንትራክተር አይነግራችሁምና። እኛ ወጥ የምንሠራው ለብዙ ሰዓት ነው። ሽንኩርቱ ይቁላላል፣ ዶሮው ይንተከተካል፣ ለበዓል ሲሆን ደግሞ ሁለት ሦስት ድስት በአንድ ጊዜ ይጣዳል። ከዚያ ቡናው፣ ከዚያ ዕጣኑ። አሮጌው ቤት በየሽንቁሩ ይህን ሁሉ እንፋሎትና ጭስ ያስወጣላችሁ ነበር። ቤቱ ሲታሸግ ግን እንፋሎቱ የሚሄድበት ያጣል፤ በመስኮት መስታወትና በቀዝቃዛ የግድግዳ ማዕዘን ላይ ውሃ ሆኖ ይቀመጣል፣ ከቁም ሣጥን ጀርባ ሻጋታ ይወልዳል። ከምድጃችሁ በላይ ያለው ጭስ መሳቢያ አየሩን አጣርቶ ወደ ክፍሉ የሚመልስ ዓይነት ከሆነ ለእኛ ምግብ አይበቃም። ወደ ውጭ የሚያስወጣ ትቦ ያስፈልገዋል። ከኢንሱሌሽኑ ገንዘብ ላይ ቀንሳችሁም ቢሆን ይህን አስቀድሙ።

ከሁሉ የሚከብደው ከሰል ነው። በሳሎን ውስጥ ከሰል አቀጣጥሎ ጀበና መጣድ፣ በፍሙ ላይ ዕጣን ማጨስ ለብዙዎቻችን የክብር ሥርዓት ነው፤ አውቃለሁ፣ እኔም ያደግኩበት ነው። ግን ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ ያመነጫል፤ ሽታ የለውም፣ አይታይም፣ ራስ ያሳምማል፣ ያቅለሸልሻል፣ ያስተኛል፣ ይገድላል። በአገር ቤት በር ተዘግቶ ከሰል ሲነድ ባደረባቸው ቤቶች ውስጥ ስንት ነፍስ እንዳለፈ የሰማችሁ ናችሁ። በታሸገ የአሜሪካ ቤት ውስጥ ከሰል ፈጽሞ መነደድ የለበትም፤ መስኮት ተከፍቶም ቢሆን። የኤሌክትሪክ ምድጃና የኤሌክትሪክ ዕጣን ማጨሻ ገበያ ላይ አሉ። እናቶቼ፣ እባካችሁ ይህን ነገር ከእኔ ተቀበሉ። በየፎቁም የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ስቀሉ። ያው ጋዝ በቤዝመንት ካለው የውሃ ማሞቂያም ሊመጣ ይችላል፤ ቤቱ ከታሸገ በኋላ የወጥ ቤቱ መሳቢያ፣ የልብስ ማድረቂያውና የመታጠቢያው ማራገቢያ በአንድ ላይ ሲሠሩ የማሞቂያውን ጭስ ከጭስ ማውጫው መልሰው ሊስቡት ይችላሉ። አዋቂ ባለሙያ ሥራውን ከመጀመሩ በፊትም ከጨረሰ በኋላም ይህን ይለካል። የጋዝ ዕቃችሁን ሳይፈትሽ ቤታችሁን የሚያሽግ ሰው ነፍሳችሁን አደጋ ላይ ጥሏል።

ባለሙያ ወደ መፈለጉ ስንመጣ፣ የተበላሸ ሥራ በእኛ ብቻ የደረሰ እንዳይመስላችሁ ሁለት አገር ልጥቀስ። አውስትራሊያ በ2009 ኢኮኖሚዋን ለማነቃቃት ለቤት ኢንሱሌሽን ብዙ ገንዘብ አፈሰሰች። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ቤት ተሠራ፤ ገንዘቡን ያየ ያልሠለጠነ ሰው ሁሉ ኮንትራክተር ሆነ፤ አራት ወጣት ሠራተኞች ሞቱ፣ ሦስቱ በኤሌክትሪክ። ፕሮግራሙ በ2010 መጀመሪያ ተቋረጠ፣ በ2014 የንጉሣዊ ኮሚሽን ምርመራ ተደረገበት። በብሪታንያ ደግሞ የመንግሥት ኦዲት መሥሪያ ቤቱ በ2025 ባወጣው ሪፖርት፣ በሁለት የመንግሥት ዕቅዶች በውጭ ግድግዳቸው ኢንሱሌሽን ከተለጠፈላቸው ቤቶች 98 በመቶው መታረም ያለበት ከባድ ጉድለት እንዳለባቸው ገለጠ። ከ22,000 በላይ ቤት ነው። በእነዚያ አገሮችም ተቆጣጣሪ ነበረ፣ ደንብ ነበረ። የተሸፈነውን ሥራ በጊዜው የከፈተና የለካ ግን አልበቃም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ስልክ ለኮንትራክተር ሳይሆን ለፈታሽ ይሁን። ቢፒአይ የተባለው ተቋም የምስክር ወረቀት የሰጠው ፈታሽ መጥቶ በበራችሁ ላይ ትልቅ ማራገቢያ ይገጥማል፤ በቤቱ ውስጥና በውጭው መካከል 50 ፓስካል የግፊት ልዩነት ፈጥሮ በየደቂቃው ስንት ኩቢክ ፊት አየር እንደሚያመልጥ ያነባል። ማራገቢያው እየሠራ በየክፍሉ ዙሩ፤ እጃችሁን ሶኬቱ ላይ፣ የአቲኩ በር ሥር አስቀምጡ። ያኔ ነፋሱን በእጃችሁ ስለምታገኙት ከዚያ በኋላ ማንም በቃል አይሸነግላችሁም። በሜሪላንድ የመብራት ኩባንያዎቹ ፔፕኮና ቢጂኢ፣ በግዛቱ ኢምፓወር በተባለው ዕቅድ በኩል፣ ይህን ፍተሻ ለደንበኞቻቸው በቅናሽ ያቀርባሉ፤ ለሥራውም ከፊሉን የሚመልሱበት ጊዜ አለ፤ መጠኑ ስለሚለዋወጥ ከመፈረማችሁ በፊት በቢላችሁ ላይ ባለው ስልክ ጠይቁ።

ቁጥሩን ከያዛችሁ በኋላ ሦስት ኮንትራክተር ጥሩ። በስልክ ዋጋ የሚናገረውን ተዉት፤ አቲኩን ሳያይ የሚያውቀው ነገር የለም። የመጣው ሰው ወደ ላይ ይወጣል ወይስ በሩ ላይ ሆኖ ባትሪ አብርቶ ይመለሳል? ይህ ብቻ ብዙ ይነግራችኋል። በሜሪላንድ የቤት ማሻሻያ ሥራ የሚሠራ ሁሉ ኤምኤችአይሲ ከሚባለው የግዛቱ ኮሚሽን ፈቃድ ሊኖረው ግድ ነው፤ ቁጥሩም ውሉ ላይ ይጻፋል። በቨርጂኒያ ፈቃድ ሰጪው ዲፒኦአር ነው። ሁለቱም በድረ ገጻቸው ላይ ስምና ቁጥር አስገብታችሁ ፈቃዱ ያላለፈበት መሆኑን እንድታዩ ያስችላሉ፤ ቅሬታ ቀርቦበት እንደሆነም ጠይቋቸው። የሠራተኞቹን የጉዳት ኢንሹራንስ ማስረጃም ጠይቁ፤ ከአቲካችሁ የወደቀ ሰው ጉዳይ በእናንተ ላይ እንዳይመጣ።

ውሉ ላይ ምን ይጻፍ? «አቲክ ኢንሱሌሽን አር-49» የሚል አንድ መስመር ውል አይባልም። የንግድ ኮሚሽኑ ደንብ ሠሪው የሸፈነውን ስፋት፣ ውፍረቱን፣ የአር ቁጥሩንና ለሚነፋው ዓይነት የከረጢቱን ብዛት በውል ወይም በደረሰኝ እንዲሰጣችሁ ያዛል። የከረጢቱ ብዛት ትልቅ ነገር ነው። አንዳንዱ ሠሪ ማሽኑን ብዙ አየር አስገብቶ ፋይበርግላሱን ያሳብጠዋል፤ ስትለኩት 18 ኢንች ሆኖ ይገኛል፣ በውስጡ ያለው ዕቃ ግን የ12 ኢንቹ ነው። በየከረጢቱ ላይ ለአንድ ሺህ ስኩዌር ፊት ስንት ከረጢት እንደሚያስፈልግ የሚያሳይ ሠንጠረዥ ታትሟል። ሠንጠረዡን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፣ ባዶ ከረጢቶቹን ጥለው እንዳይሄዱ አስቀድማችሁ ንገሯቸው፣ ማታ ቁጠሯቸው። በአቲኩም ውስጥ በየ300 ስኩዌር ፊት አንድ የውፍረት መለኪያ ወረቀት እንዲለጠፍ የግንባታ ደንቡ ያዛል፤ ከበሩ ሆናችሁ ማንበብ መቻል አለባችሁ።

ሌላም አንድ ነገር አስጽፉ። ቀዳዳ መድፈኑና መንፋቱ በአንድ ትንፋሽ እንዳይሠሩ፣ ቀዳዳው ተደፍኖ ካለቀ በኋላ ሠሪው ቆሞ ፎቶ እንዲያሳያችሁ ወይም ፈታሹ እንዲያየው፤ ከዚያ ብቻ ይነፋ። 14 ኢንች ሴሉሎስ ከተደፋበት በኋላ ማን ፎም ረጨ፣ ማን አልረጨ ብሎ የሚፈልግ የለም። የማራገቢያው ልኬት በሥራው መጨረሻ እንደሚደገምና ቁጥሩ እስከ ስንት እንደሚወርድ ውሉ ይናገር፤ የመጨረሻው ክፍያ ከዚያ ልኬት በኋላ ይሁን። በሜሪላንድ ሕግ ኮንትራክተር ውል ሳይፈረም ገንዘብ መቀበል፣ ሲፈረምም ከጠቅላላው ዋጋ ሲሶ በላይ ቀብድ መውሰድ አይችልም። ግማሹን በቅድሚያ የሚጠይቅ ሰው ሕግ እየጣሰ ነው።

አሁን ብዙ ወገን ወደሚጎዳበት ነገር ልምጣ፤ ይሉኝታ ነው። አንዱ በቤተ ክርስቲያን ወይም በዕድር የሚያውቀውን ልጅ ያመጣል። ልጁ ደግ ነው፣ ዋጋውም ይቀንሳል፣ ውል መጠየቅ ነውር ይመስላል። «ወንድሜ ነው፣ በወረቀት ላሥረው?» ይባላል። ሥራው ሲበላሽ ግን የሚጠፋው ገንዘቡ ብቻ አይደለም፤ ሰላምታውም ይቋረጣል፣ ሁለት ቤተሰብ በአንድ ዕድር ተቀምጦ ፊት ይዟዟራል። ከመካከላችን በዚህ ሙያ ፈቃድ አውጥተው ጥሩ የሚሠሩ ወጣቶች አሉ፤ ሥራ ልንሰጣቸውም ይገባል። እነርሱ ግን ውል ሲጠየቁ አይከፉም። «ወንድሜ፣ በሥራህ እተማመናለሁ፤ የፈቃድህን ቁጥርና የከረጢቱን ብዛት ግን ውሉ ላይ ጻፍልኝ» ብትሉት የሚቆጣ ሰው ያን ሥራ ባይሠራላችሁ ይሻላል። እንግሊዝኛው የሚያስቸግራችሁ አባቶችና እናቶች የሚያነብ ልጃችሁን ሳታስቀምጡ አትፈርሙ። ልጃችሁ ሥራ ላይ ከሆነ ኮንትራክተሩ ነገ ይመለስ።

በር አንኳኩቶ የሚመጣውንም ተጠንቀቁ። «የመንግሥት ዕርዳታ ዛሬ ያልቃል» ይላል። ቤታችሁ መጥቶ ያስፈረማችሁን ውል በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማፍረስ እንደምትችሉ የፌዴራል ደንብ ይፈቅድላችኋል፤ ይህንንም ሊነግራችሁ ግዴታ አለበት። ስለ ዕርዳታው እውነቱ ይህ ነው፤ ለኢንሱሌሽን ዕቃ ዋጋ 30 በመቶ፣ በዓመት እስከ 1,200 ዶላር ይሰጥ የነበረው የፌዴራል ግብር ቅናሽ በጁላይ 2025 በተፈረመው ሕግ መሠረት ከዲሴምበር 31 ቀን 2025 በኋላ ለሚሠራ ሥራ ቀርቷል። እስከዚያ ቀን ያሠራችሁና ያልጠየቃችሁ ካላችሁ ለዚያ ዓመት በፎርም 5695 መጠየቅ ስለምትችሉ የግብር ሠራተኛችሁን አነጋግሩ። ዛሬ ግን ያን 30 በመቶ እያለ የሚያስፈርማችሁ ሰው የሌለውን ነገር እየሸጠ ነው። ገቢያቸው ከፌዴራሉ የድህነት መስመር ሁለት እጥፍ ያልበለጠ ቤተሰቦች ደግሞ ከ1976 ጀምሮ ያለው የዌዘራይዜሽን ዕቅድ ፍተሻውንም ኢንሱሌሽኑንም በነፃ ይሠራላቸዋል። ተከራይም በባለቤቱ ፈቃድ ማመልከት ይችላል። ወረፋ ስላለው ክረምቱ ሳይገባ አመልክቱ።

ሥራው ተበላሽቶ ኮንትራክተሩ ስልክ ማንሣት ቢያቆም በሜሪላንድ ኤምኤችአይሲ የካሣ ፈንድ አለው፤ አቤቱታው ተመርምሮ እውነት ሆኖ ከተገኘ እስከ 30,000 ዶላር ሊከፍል ይችላል። ፈንዱ የሚከፍለው ግን ኮንትራክተሩ ፈቃድ ያለው ከነበረ ብቻ ነው፤ ፈቃድ የሌለውን ዘመድ ያሠራ ሰው ከዚያ ፈንድ አንድ ሳንቲም አያገኝም። አቤቱታውም ጉዳቱን ካወቃችሁ ወይም ማወቅ ከነበረባችሁ ቀን ጀምሮ በሦስት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ስለዚህ ውሉን፣ የሁለቱን ልኬት ወረቀት፣ የከረጢቱን ሠንጠረዥ ፎቶና የከፈላችሁበትን ቼክ በአንድ ላይ አኑሩ። ያለፈው ዓመት የጋዝና የመብራት ቢላችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ደግሞ ወደዚህ ጠረጴዛ ቅረቡ፤ አንድ በአንድ አብረን እናያቸዋለን።